ቲም ሆርተንስ፦ ቡናው እንደ ነገሩ፣ የቋንቋ ትምህርቱ ግን በነጻ

ቶሮንቶ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ጾም ገደፍኩ። በእንግሊዝኛ ምክንያት።

ሁዳዴ ነበር። አስራ አንድ ዓመት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሬ፣ ታክሲ ነድቼ፣ ከስንቱ ተሳፋሪ ጋር በእንግሊዝኛ ተጨቃጭቄና ታርቄ የመጣሁ ሰው ቡና ማዘዝ ያቅተኛል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። ቲም ሆርተንስ የሚባለው ካፌ ገባሁና «ሬጉላር» አልኩ። እኔ በማውቀው እንግሊዝኛ ሬጉላር ቡና ማለት ያው ተራው ነው፣ ምንም ያልገባበት ጥቁር። ልጅቷ ፈገግ ብላ ሰጠችኝ፣ ክዳኑን ሳልከፍት ፉት አልኩት። ክሬም! ስኳርም አለው። ተመልሼ «እኔ እኮ ያዘዝኩት ሬጉላር ነው» ብላት «አዎ፣ እሱ ሬጉላር ነው» አለችኝ። እዚህ ቤት ሬጉላር ማለት አንድ ክሬም፣ አንድ ስኳር ነው ለካ። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፣ ጥፋቱ ከሜሪላንድ ይዤው የመጣሁት አፍ ነው። የንስሐ አባቴ ጋ ደውዬ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ «ሰው ቋንቋ ሳይጠይቅ ቡና ያዛል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በሳምንት አራት አምስት ቀን እሄዳለሁ፣ ስለዚህ ስለዚህ ካፌ ለመጻፍ መብት ያለኝ ይመስለኛል። ከአሜሪካ ወደ ካናዳ ለምትመጡ፣ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ብቅ ለምትሉ ይጠቅማችኋል።

ለማያውቀው፦ ቲም ሆርተን ሰው ነው። የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ የሆኪ ተከላካይ ነበር፣ ከቡድኑ ጋር አራት ጊዜ የሆኪውን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ በልቷል። በ1964 ሃሚልተን ከተማ ውስጥ ዶናትና ቡና የሚሸጥ ቤት ከፈተ (ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ዛሬ ካናዳ ውስጥ ቲም ሆርተንስ የሌለበት ሰፈር ለማግኘት መድከም አለብህ። ስሙን ሙሉውን የሚጠራው ግን እንግዳ ብቻ ነው። «ቲሚስ» ወይም «ቲምስ» ነው የሚባለው። ሐበሻው ደግሞ አሳጥሮት «ቲም ጋ ጠብቀኝ» ይላል፣ ቲም የሆነ ባለውለታችን ይመስል።

አሁን ወደ ትዕዛዙ። «ደብል ደብል» ይባላል፣ ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር ማለት ነው። ቃሉ እንዲህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በ2004 የካናዳ ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል። ጣፋጭ ወዳዱ «ትሪፕል ትሪፕል» ይላል። ከዚያም በላይ የሚያዝ አለ፣ የኔ ሰፈር ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ አባት አራት በአራት ሲያዙ ሰምቼ የግንባታ እንጨት የሚገዙ መስሎኝ ነበር። ይህን ቃል ይዤ ሜሪላንድ ለሰርግ ስሄድ የሆነ ካፌ ውስጥ ረስቼ «ደብል ደብል» አልኩ። ልጁ ሁለት ኩባያ ቡና ደረደረልኝ። ካሊፎርኒያ ያለው ወንድሜ እንደነገረኝ ደግሞ እዚያ ደብል ደብል ካልክ ሀምበርገር ነው የሚቀርብልህ፣ ኢን ኤንድ አውት የሚባለው ቤት በዚህ ስም የሚሸጠው አለ። አንድ ቃል፣ ሦስት ቦታ፣ አንዱ ጋ ቡና፣ አንዱ ጋ ሁለት ቡና፣ አንዱ ጋ ሥጋ። ጾመኛ በእንግሊዝኛ መታመን የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ከቡናው ጋር «ቲምቢት» አለ። በ1976 የጀመረ ነው፣ ድቡልቡል ትንሽዬ ዶናት። አሜሪካ እያለሁ ይህንኑ «የዶናት ቀዳዳ» ነበር የሚሉት። ልብ በሉ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ቀዳዳ ይገዛል፣ ደርዘን ቀዳዳ በሳጥን ይዞ ይሄዳል። ካናዳውያን ቢያንስ ስም አውጥተውለታል። እትዬ ግን ሁለቱንም አትቀበልም፣ ለእሷ «የቦንቦሊኖ ጫጩት» ነው። እሷ ካወጣችው ስም የተሻለ እስካሁን አልሰማሁም።

እትዬ ማለት አክስቴ ናት። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ከሚበዙበት ብዙም ሳይርቅ ነው የምትኖረው። ካናዳ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ስመጣ ቤዝመንቷን አከራየችኝና የመጀመሪያውን ቀን ቲም ጋ ቁጭ አድርጋ ውል አስገባችኝ፦

«ኪራዩ ይኸው ነው። ሃይድሮ ግን አይጨምርም፣ ሃይድሮ ለብቻው ነው የምትከፍለው።»

«እሺ እትዬ» አልኩ። ሃይድሮ ማለት ውሃ ነው አይደል? እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ወሩን ሙሉ ገላዬን በሦስት ደቂቃ እየታጠብኩ፣ ዕቃ በአንድ ጆግ ውሃ እያለቀለቅኩ፣ መብራቱን ግን ኮሪደሩን ጨምሮ ሌሊቱን ሙሉ እያበራሁ አሳለፍኩ። ማሞቂያዋን ትንሿን እንኳን ሳላጠፋ ነበር ሥራ የምሄደው። ቢሉ መጣ። እትዬ ወረቀቱን ይዛ ወረደች።

«አንተ ልጅ፣ ታች ወፍጮ ቤት ከፍተሃል እንዴ?»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ውሃውን ቆጥቤያለሁ!»

«ስለ ውሃ ማን አወራ? ሃይድሮ ነው የምልህ!»

ቶሮንቶ ባለችበት ክፍለ ሀገር፣ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ሃይድሮ ማለት መብራት ነው። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ የመጣው ከውሃ፣ በተለይ ከናያግራ ፏፏቴ ስለሆነ በ1906 የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የውሃ ኃይል ኮሚሽን አቋቋመ፣ ከዚያ ስሙ ከኮሚሽኑ ወደ ቢሉ፣ ከቢሉ ወደ ሰዉ አፍ ወረደ። ዛሬ ኤሌክትሪኩ ከኒውክሌርም ይምጣ ከነፋስ፣ ሃይድሮ ነው። የመብራት ምሰሶውም «የሃይድሮ ምሰሶ» ነው። ባፋሎ ላይ ያለ አሜሪካዊ፣ እዚያው ናያግራን ተካፍሎ የሚኖረው ጎረቤት፣ ይህን ቃል ብትነግረው ግን ዓይንህን ነው የሚያየው።

ወደ ካፌው ልመለስ። ሰልፍ። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ቶሎ ቶሎ ግን ይሄዳል። አንድ ቀን ከሰልፉ ትንሽ ፈንጠር ብዬ ስልኬን እያየሁ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ላይንአፕ ውስጥ ነህ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። አሜሪካ ውስጥ ላይንአፕ ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚታየኝ፣ ተጠርጣሪ ተደርድሮ ተበዳይ «ይሄ ነው» ብሎ የሚጠቁምበት። ሳላስበው እጄን ከኪሴ አወጣሁ። «እኔ ምንም አላደረግኩም» ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ካናዳ ውስጥ ተራ ሰልፍ ነው፣ ለዳቦም ለባስም ላይንአፕ ይላሉ።

እኚሁ ሴትዮ ወዲያው «ሶሪ» አሉኝ። እኔ ነኝ መንገድ የዘጋሁት፣ ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር አሜሪካ ያሉ ወዳጆቼ ሁሉ ይስቁበታል። «ካናዳውያን ብትገጫቸው እነሱ ይቅርታ ይጠይቁሃል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጠይቃሉ። ግን እኔ ይቅርታ ነው ብዬ አላምንም። እሱ የእኛ «እኔን» ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ሲደናቀፍ «እኔን!» ስንል ጥፋተኛ ነኝ ማለታችን ነው? ድንጋዩን እኛ አልጣልነው። የሆነብህ ነገር ተሰምቶኛል፣ በአንተ ፈንታ በእኔ ይድረስ ማለታችን ነው። ሶሪም እንደዚያ ነው። ሕጉ ራሱ ይሄን ያውቃል፣ ኦንታሪዮ በ2009 ባወጣችው ሕግ ይቅርታ መጠየቅ በፍትሐ ብሔር ክስ ላይ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም። ሕግ እስኪወጣላቸው ድረስ ይቅርታ የሚሉ ሰዎች ናቸው። እትዬ ይሄን ስነግራት «እኛም በሕግ ቢጻፍልን፣ ስንቱ እኔን ብሎ ተከሷል» አለችኝ፣ ማን እንደተከሰሰ ግን አልነገረችኝም።

አነጋገሩም ይለያል። አሜሪካዊው «ሳሪ» ነው የሚለው፣ ካናዳዊው «ሶሪ»። እኔ ሳሪ እያልኩ ስኖር ማንም ምንም አላለኝም፣ ካናዳ ስመጣ ግን ሰው ሲሰማኝ «ከየት ስቴት ነህ?» ይለኝ ነበር። በዚህች በአንዲት ድምፅ!

ስለ «አባውት» ደግሞ። አሜሪካ ውስጥ ካናዳውያንን ለማሾፍ «አቡት» ይላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፣ አቡት የሚል ካናዳዊ አላጋጠመኝም። እነሱ የሚሉት ሌላ ነው። ፈረንጅ በሆሄው ሊጽፈው ይቸገራል፣ እኛ ግን ፊደል አለን፦ አሜሪካዊው «አባውት» ይላል፣ ካናዳዊው «አበውት»። «በ» እና «ባ»፣ በቃ ልዩነቱ ይኸው ነው። «አውት» የሚለውን ደግሞ «ኧውት» ይሉታል። ሁልጊዜም አይደለም፣ «ላውድ» ሲሉ እንደ አሜሪካኖቹ ነው፣ ቃሉ እንደ «ት» እና «ስ» ባለ ድምፅ ሲዘጋ ነው አፋቸው የሚጠብበው። ኧ የሚለውን ሆሄ ለካናዳ ልናከራያቸው እንችል ነበር።

ካፌው ውስጥ ጥጉ ላይ የጡረተኞች ጠረጴዛ አለ። ሁልጊዜ ጠዋት ይሰበሰባሉ። ትምህርት ቤቱ እሱ ነው። ያንን ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው ኮርስ መግዛት አያስፈልገውም። «ኤይ» የምትለዋን ቃል የተማርኩት ከእነሱ ነው። «ቀዝቅዟል፣ ኤይ?» «ትናንት ሊፍስ ጉድ አደረጉን፣ ኤይ?» የእኛ «አይደል?» ናት። ወይም ተረት ሲያወሩ በመሃል ጣል ሲያደርጓት «እየሰማኸኝ ነው?» እንደማለት ናት፣ እኛ «እሺ በለኝ» እንደምንለው። እትዬ መጀመሪያ ስትመጣ ግን የሚቆጧት ይመስላት ነበር። ኤይ! ማለት እሷ ባደገችበት ሰፈር እህል የሚበላ በሬ የሚመለስበት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ወጣቱ ብዙም አይጠቀማትም፣ ከጡረተኞቹ ጋር ግን በክብር አለች።

ስለ ሳንቲም ሳላወራ አላልፍም። አንድ ዶላሩ ሳንቲም ነው፣ ስሙ «ሉኒ»። በ1987 ሲወጣ ሉን የሚባለው የውሃ ወፍ ስለተሳለበት ነው። በ1996 ሁለት ዶላር ሳንቲም መጣ፣ እሱን «ቱኒ» አሉት። አሜሪካ ውስጥ ሉኒ ማለት እብድ፣ ነካ ያደረገው ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ገና አዲስ ነኝ፣ ካሸሯ መልስ ስትሰጠኝ «አንድ ሉኒ ይኸው» ስትለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ ነው ያየሁት። አንድ ሳንቲሟን፣ ፔኒዋን፣ በ2013 ከገበያ ማውጣት ጀምረዋል፣ በጥሬ ከከፈልክ ሂሳቡ ወደ ቅርቡ አምስት ሳንቲም ይጠጋጋል። ይሄ ለእኔ ተመችቶኛል። የመኪናዬ ወንበር ስር የሚጠራቀም ነገር ቀንሷል።

ስሜ በዘ ይጀምራል። አሜሪካ ስገባ «ዜድ» እያልኩ ስም ሳስመዘግብ ማንም አይገባውም ነበር፣ «ዚ» በል ተባልኩ፣ ምላሴን አስተካከልኩ፣ አስራ አንድ ዓመት ዚ አልኩ። ካናዳ መጥቼ በስልክ አንድ ቦታ ስሜን በኩራት «ዚ» ብዬ ስጀምር ወረቀቱ ሲመጣ በሲ ተጽፏል። አሁን እንደገና ዜድ ነኝ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ የተማርኩትም ዜድ ነበር፣ ስለዚህ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ያህል ነው። አጎቴ ይህንን ሲሰሙ በጣም ደስ አላቸው። እሳቸው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ልጅ ናቸው፣ በእሳቸው ዘመን ትምህርት ቤቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሉሲየን ማት በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። «አየህ፣ እኛን ያስተማረን ካናዳ ነው፣ ዚ የሚባል ነገር አናውቅም» አሉኝ። መነኮሳቱ ኩቤኮች ስለነበሩ አፋቸውን የፈቱት በፈረንሳይኛ ነው ብላቸው «እሱን ተወው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ትምህርት ካነሳን አንዷን ብቻ ልጨምር። እዚያው ቲም ጋ ከእትዬ ጓደኞች ጋር ቁጭ ብለን የእህቴ ልጅ የት እንዳለች ጠየቁኝ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ነው የምትማረው፣ እኔ ግን እንደ አሜሪካ ወጌ «ኮሌጅ ናት» አልኩ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አንደኛዋ እናት እጄን ያዝ አድርገው «አይዞህ፣ ከኮሌጅም ወደ ዩኒቨርሲቲ ማለፍ ይቻላል» አሉኝ። ካናዳ ውስጥ ኮሌጅ በአብዛኛው የሙያና የዲፕሎማ ትምህርት ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነው። አሜሪካ ሃርቫርድ የገባውም «ኮሌጅ ሄደ» ይባላል። እህቴ ጋ ይሄ ወሬ እንዳይደርስ አደራ።

እሺ፣ ግምገማዬን ልስጥ። ቡናው ቀለል ያለ ነው፣ ከጀበና ወርዶ ለመጣ ሰው ሻይ ሊመስለው ይችላል፣ ለብርድ ጠዋት ግን ሞቅ ያለና በእጅ የሚያዝ ነገር ነው የምትፈልገው። ዋጋው ደህና ነው፣ ትንሹ ኩባያ ከአንድ ቱኒ ብዙም አይርቅም። የኩባያ መጠን ላይ ተጠንቀቁ፣ በ2012 መጠኖቹን አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ስላደረጓቸው የዛሬው ትንሽ የድሮው መካከለኛ ነው። ትልቁን ያዘዘ ሰው ለመጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ሆኖ መቀመጥ አለበት፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ እሱም «ዋሽሩም» ነው የሚባለው፣ «ሬስትሩም» አይደለም። በካናዳ ከአሜሪካ ይልቅ ስሙ ሥራውን ይናገራል፣ እዚያ ማን ያርፋል? መቀመጫው ይበቃል፣ ማንም ተነስ አይልህም፣ የኔ ሰፈር ቅርንጫፍ ልጆች ደግሞ ትዕዛዜን ከበሩ ስገባ ያውቁታል። ለቡናው ከአምስት ሦስት። ለጡረተኞቹ ጠረጴዛ አምስት። ረቡዕና አርብ ለምትጾሙ፦ «ብላክ» በሉ። ሬጉላር እንዳትሉ።

ባለፈው በጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣ ጓደኛዬ ጋር ባፋሎ ተገናኘን። እዚያም ቲም ሆርተንስ ሞልቷል። ቲም ሆርተን ራሱ መጨረሻ ላይ የተጫወተው ለባፋሎ ነበር፣ በ1974 ቶሮንቶ ተጫውቶ ወደ ባፋሎ እየነዳ ሳለ ነው በመኪና አደጋ የሞተው። ጓደኛዬ መንገድ ሙሉ «አንተ ካናዳዊ ሆነሃል፣ አነጋገርህ ተለወጠ» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር፣ እኔም «ውሸት፣ እኔ ያው ነኝ» እያልኩ ሽምጥጥ። ገባን። ሰልፍ ላይ ቆምን። ደብል ደብል አዘዝኩ፣ ልጁ ምንም ሳይጠይቅ ቀዳልኝ። ቀጥዬ ዋሽሩም የት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ከካናዳ የት ነህ?» አለኝ።

«ሶሪ?» አልኩት።

«ገባኝ» አለና በጣቱ በሩን አሳየኝ። ጓደኛዬ በሳቅ ቡናውን ሸሚዙ ላይ ደፋው።

«እኔን!» አልኩት።